የማይጠይቅ እጅ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱ፣ ጸሐፊዎቻቸው ሳይነጋገሩ፣ ስለ እጅ ናቸው። የመጀመሪያው ረጅም ስለሆነ መልሱም ረዝሟል። ከሦስቱ ውጭ የጻፋችሁልኝ ጠያቂዎች ቅር እንዳይላችሁ፤ የእናንተን በሚቀጥለው እትም።

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የምኖረው እዚሁ ጎንደር፣ ማራኪ ነው። ዕድሜዬ 36፣ ሥራዬ መምህርት። ከባለቤቴ ጋር ከተጋባን 13 ዓመት ሆነን፤ ሦስት ልጆች አሉን። እሱ ፋሲል ግቢን ለእንግዶች የሚያስጎበኝ ሰው ነው። እንግዳ ከቀነሰ ወዲህ አብዛኛውን ቀን ቤት ይውላል። እጁን አንስቶብኝ አያውቅም፣ አይጠጣም፣ ያገኘውን ወደ ቤት ያመጣል። ነገር ግን ትንሿ ልጃችን ከተወለደች ወዲህ፣ አራት ዓመት መሆኑ ነው፣ እጄን ይዞ አያውቅም። የሚነካኝ ማታ መብራት ከጠፋ በኋላ ብቻ ነው። ለምን እንደሆነ ስለማውቅ ገና ሲነካኝ ሰውነቴ ይደርቃል። በቀደም ከአዘዞ ስንመለስ ታክሲው ሞልቶ ጉልበታችን ተነካካ። ፒያሳ እስክንደርስ ጉልበቴን አላሸሸሁም። ወርጄ ሳስበው ያን ሳምንት የተነካካነው እዚያ ታክሲ ውስጥ ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ አዲስ ነገር አምጥቷል። ድሮ ያስጎበኛቸው አንድ ባልና ሚስት ‹ክፍት ግንኙነት› በሚባል አኗኗር እንደሚኖሩ ነግረውት ነበር። ሁለቱም ከሌላ ሰው ጋር ይሆናሉ፣ አይዋሹም፣ አይቀናኑም አለኝ። ‹እኛ እንደሆንን ቀዝቅዘናል፤ ብንሞክረው ያቀራርበን ይሆናል› አለ። ሌሊቱን ሳለቅስ አደርኩ። እትዬ፣ ይህ ነገር እውነት ሰው ያቀራርባል? ወይስ እኔ ነኝ ኋላ የቀረሁት?» (ከማራኪ)

ልጄ፣ ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሦስቱንም ጊዜ ዓይኔ የቆመው ክፍት ግንኙነቱ ላይ ሳይሆን ታክሲው ላይ ነው። ባሏን የጠላች ሴት ጉልበቷን ታሸሻለች። ወደዚህ እመለሳለሁ። የጠየቅሽኝን ሳልመልስ ሸሸች እንዳትዪኝ ግን ከሱ ልጀምር።

ባልሽ የነገረሽ ፈጠራ አይደለም። በአውሮፓና በአሜሪካ ተስማምተው እንዲህ የሚኖሩ ባለትዳሮች አሉ። እንግዶቹ የነገሩት ግን ግማሹን ነው፤ ወይም እሱ የሰማው ግማሹን ነው። እንዲህ የሚኖሩ ሰዎች ስለ ራሳቸው የሚጽፉትን ሳነብ ከሁሉ በላይ ያገኘሁት ንግግር ነው። ማለቂያ የሌለው ንግግር! ከማን ጋር፣ በየትኛው ቀን፣ በምን ጥንቃቄ፣ ልጆቹን ማን ይዞ ያመሻል፣ ምርመራው መቼ ነው፣ የከፋው ሰው መከፋቱን እንዴት ይናገራል። ቅናትም አለ፤ ሲመጣ ሳይደብቁ ይነጋገሩበታል እንጂ ጨርሶ አልጠፋላቸውም። የተሰነጠቀ ግድግዳ በዚህ ይለሰናል ብላችሁ አትግቡበት ብለው የሚያስጠነቅቁም ከእነሱው መካከል አሉ። እንግዲህ አራት ዓመት ሙሉ «እጄን ያዝልኝ» መባባል ያቃታቸው ሁለት ሰዎች «ትናንት ከማን ጋር አመሸሽ» ተባብለው ይቀራረባሉ ብዬ ለማመን ይቸግረኛል። ክፍትና ግልጽ አንድ አይደሉም። ከቤታችሁ የጠፋው ግልጹ ነው፤ እሱ ያመጣላችሁ ክፍቱን ነው።

ኋላ ቀር መሆንሽን ለጠየቅሽኝ፣ ጎንደር ያደገ ሰው «ከአንድ በላይ» የሚለውን ከፈረንጅ ተማርኩ ቢል ያስቃል። አያቶቻችን የቁርባኑን፣ የሰማንያውንና የደሞዙን ጋብቻ ለይተው ይጠሩ ነበር፤ የደሞዝ የሚባለው ለጊዜው፣ በክፍያ ውል የሚያዝ ነው። ቅምጥና ውሽማም በከንቱ ስም አልወጣላቸውም። በፈረንጆቹ ነገር ለእኛ አዲስ የሚሆነው ወንድ ሌላ ሴት ማየቱ አይደለም። አዲሱ ሚስት አስቀድማ መጠየቋ ነው፤ ከዚያም በሩ ለእሷም እኩል መከፈቱ። ስለዚህ ቡና ስታፈዪ፣ ሳትቆጪ፣ አንድ ነገር ብቻ ጠይቂው፦ «በሩ ለእኔም ነው የሚከፈተው?» ጠይቂና ፊቱን እዪ። ጀበናው ገንፍሎ እስኪፈስ ዝም ካለ፣ የሰማው ግማሹን እንደነበር ሁለታችሁም ትረዳላችሁ።

የሕጉንም ነገር እወቂ። በፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስት ለመተማመን ግዴታ አለባቸው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በተበደለው ባል ወይም ሚስት አቤቱታ አመንዝራነትን ያስቀጣል። ዛሬ በመዋደድ የተስማሙ ሰዎች ነገ ተጣልተው ፍርድ ቤት ሲገናኙ ወረቀት የሚያነበው ዳኛ ነው። ደግሞም ነርስ ነበርኩና ይህን ሳልል አላልፍም፤ ከመካከላችሁ አንዱ ከሌላ ሰው ጋር የሆነ እንደሆነ፣ ወይም ከጠረጠርሽ፣ ሁለታችሁም ሄዳችሁ ተመርመሩ። ይህ ስድብ አይደለም።

ለባልሽም አንድ ነገር ልናገርለት። ሳይጠይቅ ከሚያደርገው ይልቅ ጠይቆ «አይሆንም» የሚባለው ሰው ይሻላል፤ በዚህ አልነቅፈውም። ያ ሰው ቀኑን ሙሉ የነገሥታት ታሪክ ሲናገር፣ ሲደመጥ፣ ፎቶግራፍ አብሮት ሲነሳ የኖረ ነው። ዛሬ ቤት ተቀምጦ ልጆች ከትምህርት ቤት የሚመለሱበትን ሰዓት ይጠብቃል። የናፈቀው ሌላ ገላ ይሁን ወይስ ሲናገር በአድናቆት የሚያየው ዓይን፣ እሱ ራሱም ለይቶ የሚያውቀው አይመስለኝም።

አሁን ወደ እጁ እንምጣ። የራሴን ልንገርሽ፤ በዚህ አምድ ላይ ጽፌው አላውቅም።

ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አናጺ ነበር። መዳፉ ሻካራ ነው፤ ነጠላዬን ሲያቀብለኝ እንኳ ክሩ ይያዝበት ነበር። ሁለተኛ ልጃችን ከሞተብን በኋላ አንድ ዓመት ያህል ጎን ለጎን እየተኛን አልተነካካንም። እኔ በልቡ ይወቅሰኛል ብዬ፣ እሱ ትወቅሰኛለች ብሎ። ነሐሴ ላይ፣ ከቅዳሜ ገበያ ስመለስ፣ ዝናብ የጠገበ ድንጋይ አዳለጠኝና የቀኝ እጄ አንጓ ተሰበረ፤ በጄሶ ታሰረ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ራሴ ደርቆ መከራዬን ያሳየኝ ጀመር። በአንድ እጅ፣ ያውም በግራ፣ ቅቤ መቀባት አይሆንም። እህቴን ላስጠራት ስል «እኔ አለሁ አይደል?» አለ።

በርጩማ ላይ አስቀመጠኝ፤ እሱ ከኋላዬ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ለጋውን ቅቤ በሁለት ጣቱ ቆርሶ በመዳፎቹ መካከል እስኪቀልጥ አሸው። ሽታው ቤቱን ሞላው። ከዚያ ከግንባሬ ጀምሮ ወደ ማጅራቴ፣ የላገው እንጨት መለስለሱን እንደሚፈትሽ፣ መስመር በመስመር፣ በቀስታ። መጠኑን አያውቅም፤ አበዛውና በጆሮዬ ሥር ወርዶ አንገቴ ላይ ደረሰ፤ በአውራ ጣቱ መለሰው። ቃል አልተናገርንም። ማጅራቴ ጋ ሲደርስ እጁ ቆመ። ዞሬ አላየሁትም፤ እያለቀሰ መሆኑን በትንፋሹ አወቅኩ። የልጃችንን ስም ከዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የጠራነው ያን ዕለት ማታ ነው።

ጡረታ ወጥቼ ለንባብ ጊዜ ሳገኝ፣ ያን ቀን የሆነብኝን ሳይንቲስቶች በሌላ ቋንቋ ጽፈውት አገኘሁ። ፀጉር በሚያበቅለው ቆዳችን ውስጥ ዝግ ብለው መልእክት የሚያደርሱ ቀጫጭን ነርቮች አሉ፤ በሰው ላይ ብዙውን ጥናት ያካሄዱት ስዊድናውያን ናቸው። እነዚህ ነርቮች ለፈጣን እጅ ብዙም ግድ የላቸውም። ከሁሉ የሚነቁት በሰከንድ ከ1 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ለሚሄድ፣ የገላን ያህል ለሞቀ እጅ ነው። ሥራቸው የት እንደተነካን ከመንገር ይልቅ መነካቱ ደስ ማሰኘቱን ማድረስ ነው። ቅቤ የሚቀባ እጅ የሚሄደው ያንኑ ያህል ነው። ባልሽ መብራት ከጠፋ በኋላ በምን ፍጥነት እንደሚመጣ አንቺ ታውቂያለሽ።

የሰውነትሽ መድረቅ በሽታ አይደለም፤ ፍቅር አለቀ ማለትም አይደለም። ከእጁ ኋላ ጥያቄ እንዳለ ስለሚያውቅ ነው የሚደርቀው። በእነሱ አቆጣጠር በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ዊሊያም ማስተርስና ቨርጂኒያ ጆንሰን የሚባሉ ተመራማሪዎች፣ በአልጋ ነገር ለተቸገሩ ባለትዳሮች የሚያዙት ነገር መጀመሪያ ሲሰሙት ግራ ያጋባል፦ ግብረ ሥጋውን ይከለክሏቸዋል። ተራ በተራ ተዳሰሱ፣ ከዚያ አትለፉ ይሏቸዋል። ሰውነት «ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣብኝ ነገር የለም» ብሎ ሲያምን እጅን መፍራት ይተዋል። ይህን ለጎንደር ሰው ማስረዳት የሚከብድ አይመስለኝም፤ ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው፣ ከአልጋ መከልከልን እናውቅበታለን። እኛ ግን ጾም ሲገባ እጃችንንም አብረን እንሰበስባለን። ትከሻ መዳበስ ያስገድፍ እንደሆነ የንስሐ አባትሽን ጠይቂ፤ እኔ ካህን አይደለሁም።

እንዲህ አድርጉ። ቅዳሜ ከሰዓት፣ በብርሃን፣ ልጆቹ ውጭ ሲጫወቱ ንገሪው። ማታ አልጋ ላይ የተነገረ ነገር ሁሉ ክስ ይመስላል። «ስትነካኝ የምደርቀው ጠልቼህ አይደለም፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ስለማውቅ ነው» በዪው። ከዚያ ለሦስት ሳምንት ተስማሙ፤ አልጋው ይቆይ። ማታ ማታ ውሃ ይሙቅ። መጀመሪያ እሱ ያንቺን እግር ይጠብ፤ ቀኑን ቆማ የምትውል መምህርት አንቺ ነሽ። በማግስቱ አንቺ የሱን። ባል የሚስቱን እግር አጠበ ብሎ የሚስቅ ካለ ይሳቅ፤ የጸሎተ ሐሙስ ዕለት ካህናቱ የምእመናኑን እግር ሲያጥቡ የሳቀ ሰው አላየሁም። ጣቶቹን አንድ በአንድ፣ ተረከዙን፣ ቁርጭምጭሚቱን። እግርሽ በፎጣ ከደረቀ በኋላ እጁ ወደ ሌላ ቢሄድ «ዛሬ እዚህ ድረስ ነው» በዪ፤ እሱም ይህን መስማት ይልመድ። አንቺም ብትሆኚ ውሉን ሳታፈርሺ ቆዪ፤ እየሳቅሽ ይሆናል ይህን የምታነቢው፣ ግን አይታወቅም።

በሦስት ሳምንት ሁሉም ይስተካከላል አልልሽም። ከዚያም በኋላ የሱ ጥያቄ ያው ክፍቱ በር ከሆነ፣ «እኔ አልችልም» ማለት ኋላ ቀርነት አይደለም፤ ምክንያት ማብዛትም የለብሽም።

የታክሲውን ግን ንገሪው። ፒያሳ እስክትደርሱ እሱም ጉልበቱን እንዳላሸሸ አስተውለሻል? ታክሲ የፈለገውን ያህል ቢሞላ፣ ያልፈለገ ሰው ጉልበቱን የሚያዞርበት አያጣም።

«እትዬ፣ ዕድሜዬ 24 ነው። ያደግኩት ደባርቅ አካባቢ ገጠር ነው፤ አሁን ጎንደር ቤት ተከራይቼ እየሠራሁ ነው። አገሬ ሳለሁ ከጓደኞቼ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘን ነበር የምንሄደው። እዚህ የሥራ ባልደረባዬን እጁን ብይዘው ‹ሰው ያየናል› ብሎ አላቀቀኝ። ከሥራ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ሥራ ነኝ። ባለፈው ሰው የነካኝ መቼ ነው ብዬ ሳስብ፣ ፀጉር አስተካካዩ ነው። አሁን ፀጉሬ ሳያድግ እየሄድኩ ነው። ጤነኛ ነኝ?» (ስሜ ይቆይ)

ጤነኛ ነህ ልጄ። ያስተካካዩን ዋጋ እኔ ብችል እከፍልልህ ነበር።

የኤች አይ ቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነጻ መሰጠት ሳይጀምር በፊት፣ ሰው ከበሽተኛ ትንፋሽ እንኳ በሚሸሽበት ጊዜ፣ አንድ ሕመምተኛ ነበረኝ። ወንድሙ ምሳ ያመጣለታል፤ ሳህኑን የክፍሉ በር ላይ አስቀምጦ ይመለሳል። ሰውየው ተረኛ ሆኜ በገባሁ ቁጥር «ሲስተር፣ የልብ ምቴን ቁጠሪልኝ» ይለኛል። ጠዋት ቆጥሬው ከሆነ ከሰዓትም። የልብ ምት ለመቁጠር አንድ ደቂቃ ይበቃል። እኔ ጓንቴን አውልቄ የእጁን አንጓ እይዝና ሦስት ደቂቃ ያህል ሰዓቴን እያየሁ እቆማለሁ። ስንት እንደሆነ ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም ነግሬው አላውቅም።

ሲድኒ ጁራርድ የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ እንደ አውሮፓውያን በ1960ዎቹ፣ በተለያዩ ከተሞች ካፌ ውስጥ እየተቀመጠ አብረው የተቀመጡ ሰዎች በአንድ ሰዓት ስንት ጊዜ እንደሚነካኩ ቆጥሯል። የፖርቶ ሪኮዋ ሳን ሁዋን ውስጥ 180፣ ፓሪስ 110፣ ለንደን ዜሮ። ይህን ካነበብኩ በኋላ እኔም ፒያሳ አንድ ካፌ ውስጥ ማኪያቶ አዝዤ መቁጠር ጀመርኩ። 40 ላይ ስደርስ ከለቅሶ የተመለሱ የሚመስሉ ሴቶች ገቡና በሰላምታው ብቻ ቁጥሩ ጠፋብኝ። ከተማው እጁን አልሰበሰበም ማለቴ ነው፤ የሰበሰበው የአንተ ባልደረባ ነው። በየስልኩ የሚያየው ነገር ወንድ የወንድን እጅ መያዙን ሌላ ትርጉም ሰጥቶበታል፤ አትቀየመው። ትከሻ ለትከሻ ሰላምታውን ግን አይከለክልህም፤ ከሱ ጀምር። እሑድ ጠዋት ኳስ የሚጫወቱ ልጆች በየሰፈሩ አሉ፤ ጎል ሲገባ የሚሆነውን ታውቃለህ። ለበዓል አገርህ ግባ፣ እናትህ ጉንጭህን አገላብጠው ይሳሙህ። አስተካካዩንም አትተው። ጨርሶ በፎጣ ሲያራግፍህ «ማጅራቴን ትንሽ እሽልኝ» ብትለው የሚከለክልህ አይመስለኝም።

«የመጀመሪያ ልጄን ከወለድኩ ሁለት ወሬ ነው። ካልታቀፈ አይተኛም። አማቴ ‹አስቀምጪው፣ እጅ ይለምድብሻል› ይሉኛል። ምን ላድርግ?» (ከአዘዞ)

ይልመድ። እንደ አውሮፓውያን በ1978 ኮሎምቢያ፣ ቦጎታ ከተማ፣ የሕፃናት ማሞቂያ ያነሳቸው ሐኪሞች ያለ ጊዜያቸው የተወለዱትን በእናቶቻቸው ደረት ላይ ገላ ለገላ ማሰር ጀመሩ። ዛሬ የካንጋሮ እንክብካቤ ተብሎ በእኛም ሆስፒታሎች ይሠራበታል። ባዋላጅነቴ ዘመን በመዳፌ ልክ የነበሩ ሕፃናትን በነጠላ አስሬያለሁ፤ ከእናታቸው ገላ ሲገጥሙ ትንፋሻቸው ሲረጋ በዓይኔ አይቻለሁ። ያንቺ ጤነኛ ልጅ በሁለት ወሩ በመታቀፍ አይበላሽም። እንቅልፍ ሲጥልሽ ብቻ ይዘሽው ሶፋ ላይ አታሸልቢ፤ አደጋ አለው፤ ከዚያ በፊት ለሌላ ሰው ስጪው ወይም በጀርባው አስተኚው።

አማትሽ ደግሞ በክፋት አይደለም። በእሳቸው ጊዜ ያው እጅ ውሃ ይቀዳል፣ እህል ይፈጫል፣ እንጨት ይለቅማል፤ እጅ የለመደ ልጅ የቤቱን ሥራ ያስቆማል። አትከራከሪያቸው። ነገ ከሰዓት «እማማ፣ ገላዬን ልታጠብ፣ አንድ ጊዜ ይያዙልኝ» ብለሽ ደረታቸው ላይ አስተኚላቸውና ውጪ። ስትመለሺ ልጁን ከሰጡሽ ጻፊልኝ።